የሞተር ሕመምና ስሙ፤ የብልሽት ምርመራ ቃላት ታሪክ በአማርኛ

መግቢያ

የአንድ ሞያ ቃላት ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው በዕቃዎቹ ስም ነው። ስም በቀላሉ ይቆጠራል፤ ከየትኛው ቋንቋ እንደ ተወሰደም ብዙ ሳያደክም ይታወቃል። ስለ ሞተር ቃላት በአማርኛ የሚነገረውም ከዚህ እምብዛም አያልፍም፤ ካንዴላና ፍሪሲዮን ከጣሊያንኛ መጡ፣ ፊውዝና ሴንሰር ከእንግሊዝኛ ገቡ ተብሎ ነገሩ ይዘጋል። ከዚህም በመነሣት አማርኛ ስለ ሞተር የራሱ ቃል የሌለው ቋንቋ ነው ወደሚል መደምደሚያ የሚደርሱ አሉ።

ይህ መደምደሚያ ትክክል አይመስለንም። የጋራዥ ሥራ የሚጀምረው ከዕቃ ስም ሳይሆን ከሕመም ነው። ባለ መኪናው «ይነሣና ይጠፋል»፣ «ዳገት ላይ ጉልበት ያንሰዋል»፣ «ጥቁር ያጨሳል» ይላል፤ መካኒኩም ከዚህ ንግግር ተነሥቶ ወደ ምክንያቱ ይጓዛል። በዚህ ጽሑፍ የምናሳየውም ይህንኑ ነው። የክፍሎቹ ስም ከውጭ ሲመጣ የሕመሙ ግስ ከቤት ወጣ፤ ነዳጁን በርጭት የሚያገኘው ሞተር በመጣ ጊዜም ስሞቹ ሲለወጡ ግሶቹ ባሉበት ጸኑ። ተርጓሚውና የቃላት አዘጋጁ ይህን ልዩነት ሳያስተውሉ ሲቀሩ የሚደርሰው ጉዳት በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም፤ የተጠገነው ሞተር ተመልሶ ይቃጠላል።

ለጉዳዩ መመልከቻ የመረጥነው ስፍራ የመቐለ ከተማ፣ በተለይም የሓወልቲ ክፍለ ከተማ ነው። ሓወልቲ በትግርኛ ሐውልት ማለት ሲሆን፣ ስሙ በዚያ ከቆመው የሰማዕታት ሐውልት ጋር የተያያዘ ነው፤ በአክሱም አካባቢ ከሚገኘው ተመሳሳይ ስም ካለው የጥንት ቅርስ ስፍራ ጋር መምታታት የለበትም። ምርጫችን ያለ ምክንያት አይደለም። መቐለ የጣሊያን ቃላት ከባሕር ወደ መሐል አገር በተጓዙበት መንገድ አጠገብ ትገኛለች፤ ነዋሪዋም እነዚህን ቃላት በትግርኛና በአማርኛ ሲናገር ኖሯል። ከዚህም በላይ ከተማይቱ ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች በመሆኗ፣ ሞተር አየርና ነዳጅ የሚደባልቅበት ሁኔታ በራሱ ጥያቄ የሚያስነሣባት ናት።

ሀ. ባቡር፣ መኪና፣ ሞተር

በራሱ ኃይል ለሚንቀሳቀስ ነገር አማርኛ ቀድሞ የተጠቀመበት ስም ባቡር ነው። ቃሉ በዐረብኛ በኩል የደረሰን ሲሆን ሥሩ እንፋሎትን ከሚያመለክት የአውሮፓ ቃል ይወጣል። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ቃሉ ከሐዲዱ ጋር ተጣበቀ። ይሁን እንጂ ትርጉሙ በሐዲድ ላይ የሚሄደው ብቻ እንዳልነበረ ሁለት ማስረጃዎች አሉ። አንደኛው፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው፣ ሐዲድ የማያስፈልገውና በእንፋሎት የሚሠራው ከባድ መሣሪያ «የሰርኪስ ባቡር» መባሉ ነው። ሁለተኛው፣ በገጠር በናፍታ የሚሠራ የእህል ወፍጮ ባቡር መባሉ ነው። ስለዚህ ባቡር በመጀመሪያ ትርጉሙ ተሽከርካሪ ሳይሆን ኃይል ሰጪው መሣሪያ፣ ማለትም ዛሬ ሞተር የምንለው ነበር ብንል ከእውነቱ አንርቅም።

መኪናም ተመሳሳይ ጉዞ አድርጓል። ቃሉ ማንኛውንም በብልሃት የተሠራ መሣሪያ ያመለክት ነበር፤ የልብስ ስፌት መኪናና የጽሕፈት መኪና የሚሉት አነጋገሮች የዚያ ሰፊ ትርጉም ቅሪቶች ናቸው። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሊ ሲድሊ የተባለ አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ ገባ፤ ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትስም ብዙ ሳይቆይ ሌላ አመጣ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዐሥርት ዓመታት መኪና ብቻውን ሲነገር ተሽከርካሪውን ወደ መጥራት ጠበበ። ሞተር ደግሞ በውስጡ ላለው ኃይል ሰጪ አካል ስም ሆኖ ቀረ። ተሽከርካሪ የሚለው ከአማርኛ ሥር የወጣ ቃል በሕግና በመንግሥት ጽሑፍ ቢጸናም፣ በአፍ አነጋገር መኪናን አልተካም።

ከዚህ አጭር ታሪክ አንድ ነገር እንያዝ። ባቡር፣ መኪናና ሞተር በየተራ አንዱ ሌላውን እያጠበበ መጣ እንጂ፣ አማርኛ ነዳጅ አቃጥሎ ኃይል የሚሰጠውን መሣሪያ በኤሌክትሪክ ከሚዞረው የሚለይበት ቃል አላበጀም። ሁለቱም ሞተር ናቸው። ይህ ክፍተት በጽሑፋችን መጨረሻ ተመልሶ ይገጥመናል።

ለ. ስም ከውጭ

ጣሊያን ኤርትራን በ1882 ዓ.ም. ቅኝ ግዛት ካደረገች በኋላ ምፅዋና አስመራ የጣሊያን የእጅ ሞያ ቃላት መናኸሪያ ሆኑ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው ወረራ ጊዜ የጭነት መኪናው ከአስመራ በዓዲግራት፣ በኲሓ፣ በማይጨውና በደሴ በኩል ወደ አዲስ አበባ ወረደ፤ ቃሉም አብሮት ወረደ። ወረራው ካበቃ በኋላ በአገሪቱ የቀሩ ጣሊያኖች ጋራዥ ከፍተው ሲሠሩ፣ በረዳትነት አብረዋቸው የዋሉት ወጣቶች ሞያውንና ቃሉን በአንድነት ተማሩ። ትምህርቱ በመጽሐፍ ሳይሆን በጆሮ የተላለፈ መሆኑን የቃላቱ ቅርጽ ራሱ ይመሰክራል።

ካንዴላ፣ ፒስቶን፣ ቢዬላ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ካርቡራቶር፣ ፖምፓ፣ ፊልትሮ፣ ሞተሪኖ፣ ማርሚታ የሞተሩና የአጋዦቹ ስሞች ናቸው። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮና ማርሽ ኃይልን ወደ ጎማ የሚያደርሱት ናቸው። ፍሬቻ፣ ኮፋኖ፣ ፓራፋንጎና ስፖርቴሎ ከውጭ የሚታየው አካል ስሞች ናቸው። ክሪክ፣ ካቻቢቴና ፒንሳ የሠራተኛው መሣሪያዎች ሲሆኑ፣ ኩሽኔታ፣ ሞላና ቡሎን በየቦታው የሚገቡት ክፍሎች ናቸው።

በአገባባቸው ላይ የሚታየው የድምፅ ለውጥ ሥርዐት አለው። በጣሊያንኛ ታች ከንፈርና ላይ ጥርስ ተገናኝተው የሚነገረው ነዛሪ ድምፅ በአማርኛ አፍ ብ ሲሆን በካቻቢቴ ውስጥ እናገኘዋለን። በፍሪሲዮንና በጓርኒሲዮን ውስጥ የጣሊያንኛው ጥምር ድምፅ ወደ ስ ቀልሏል። ለጎማው የውስጥ ከረጢት የተሰጠው የሁለትና የሦስት ቃላት ሐረግ ተሰባብሮ እንደ አንድ ቃል ከመነዳሪ ሆኗል። እንዲህ ያለው መሸራረፍ ቃሉን ተናጋሪው የራሱ እንዳደረገው የሚያሳይ ምልክት ነው።

የጭነት መኪናዎቹ የንግድ ስምና ቍጥርም ሳይቀር ቃል ሆነዋል። ፊያት 682 ኤን 3 የተባለው የጭነት መኪና በሕዝብ ዘንድ «ኤንትሬ» ነው፤ ትሬ በጣሊያንኛ ሦስት ማለት ነው። ተናጋሪው ጣሊያንኛ ሳያውቅ ቍጥሩን በጣሊያንኛ ይጠራል።

በዚህ ሁሉ መካከል ግን አንድ የጎደለ ነገር አለ፤ ግስ እምብዛም አልመጣም። ፍሪሲዮን ይረገጣል፣ ማርሽ ይገባል፣ ፍሬን ይይዛል፣ ካንዴላ ይጸዳል፣ ቴስታታ ይወርዳል። ስሙ ጣሊያናዊ፣ ድርጊቱ ኢትዮጵያዊ ነው። በመቐለም ነገሩ ያው ነው፤ ካንዴላው በትግርኛም ካንዴላ ሲሆን የሚናገረው ግስ ግን የትግርኛ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ «ጠፊኡ» ይባላል፤ ይህም ከአማርኛው ጠፋ ጋር ከአንድ የግእዝ ሥር፣ ከጠፍአ፣ የሚገናኝ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ስሙን ከአንድ ባዕድ ተበደሩ፤ ግሱን ከአንድ አባት ወረሱ።

ሐ. ግስ ከቤት

የሞተር ሕመም ግሶች ከሦስት ምንጮች የተቀዱ ናቸው።

የመጀመሪያው እሳት ነው። ሞተር ይጠፋል እንጂ አይሞትም፤ እንደ መብራትና እንደ ምድጃ ነው። ይግላል፣ ይቃጠላል፣ ያጨሳል። ነዳጅ የሚለው ቃል ራሱ ከዚህ ወገን ነው። ብዙ ሰው ቃሉን መንዳት ከሚለው ጋር ያዛምደዋል፤ ነገር ግን ነዳጅ ከነደደ የወጣ ሲሆን ወሳጅ ከወሰደ እንደሚወጣ ያለ አወጣጥ አለው። ከነዳ የሚወጣው ነጂ ነው። ነዳጅ የሚነድደው፣ ነጂ የሚነዳው ነው ማለት ነው። ብርድና ትኵሳት እያፈራረቀ የሚያሠቃየው የወባ በሽታ ንዳድ መባሉም ከዚሁ ከነደደ ሥር ነው።

ሁለተኛው ምንጭ የጋማ ከብት ነው። መኪና የሚነዳው ከብት በሚነዳበት ቃል ነው፤ አቅሙም በፈረስ ጉልበት ይለካል። ሞተር ይነሣል፣ ይለግማል፣ ጉልበት ያንሰዋል፣ ዳገት ይፈራል። እነዚህ ቃላት የሚገልጡት ሞተሩ በጭነት ጊዜ የሚያሳየውን ጠባይ ነው። «ለገመ» የሚለው ቃል በተለይ የሚጠቅም ነው፤ ከብቱ ቆሞ አልሄድም ማለቱን እንጂ መሞቱን አይናገርምና።

ሦስተኛው ምንጭ የሰው አካል ነው። ሞተር ይተነፍሳል፣ ያስላል፣ ያስነጥሳል፣ ይንቀጠቀጣል። ነዳጅ ይጠጣል፣ ዘይት ይበላል። ዘይት መብላት በወጉ የተለየ ምርመራ ነው፤ ዘይት ማፍሰስ አይደለም። ያፈሰሰው ከውጭ ይታያል፤ የበላው ግን ከነዳጁ ጋር በውስጥ ተቃጥሎ ሰማያዊ ጭስ ይሆናል።

የጭሱ ቀለም ንባብ የጋራዡን ቋንቋ ትክክለኛነት የሚያሳይ ጥሩ ምሳሌ ነው። ጥቁር ጭስ ነዳጅ እንደ በዛበት፣ ሰማያዊ ጭስ ዘይት እንደ በላ፣ ሞተሩ ከጋለ በኋላ የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ውሃ ወደ ውስጥ እንደ ገባ ያመለክታል። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። እነዚህ አነጋገሮች በሙሉ ሁኔታን ይናገራሉ እንጂ ዕቃን አይከሱም። «ነዳጅ በዝቶበታል» የሚል ሰው ካርቡራቶሩ፣ ፊልትሮው ወይም ፖምፓው ጥፋተኛ መሆኑን ገና አልፈረደም። ፍርዱን የሚያዘገይ ቋንቋ ነው፤ መልካም ምርመራም የሚጀምረው ፍርድን ከማዘግየት ነው።

መ. የነዳጅ ርጭት መምጣት

በካርቡራቶር ዘመን ነዳጁን የሚስበው አየሩ ራሱ ነበር። ሞተሩ አየር ሲተነፍስ፣ በጠባቡ ጉሮሮ የሚያልፈው አየር ቤንዚኑን እየሳበ ይወስደዋል። በርጭት ጊዜ ግን ነዳጁ በፖምፓ ግፊት ተገዶ ይገባል። ይህ ለአገራችን መካኒክ ፍጹም እንግዳ ነገር አልነበረም፤ የናፍታ ሞተር ከመጀመሪያው ነዳጁን በርጭት የሚያገኝ ነውና። ሩዶልፍ ዲዝል ሞተሩን በ1897 እ.ኤ.አ. በተሳካ ሁኔታ አስነሣ፤ የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ የናፍታ መርጫ ፖምፓን በብዛት ማምረት የጀመረው በ1927 እ.ኤ.አ. ነው። ኤንትሬም የናፍታ መኪና ነበር። እንግዲህ የኢትዮጵያ መካኒክ ርጭትን ያወቀው ከኮምፒውተር በፊት፣ በናፍታ ፖምፓ በኩል ነው። «አየር ሳበ» የሚለው አነጋገርም ከዚያ ይመጣል፤ በናፍታው መሥመር አየር ሲገባ ሞተሩ ይጠፋል፣ አየሩም እስኪወጣ አይነሣም።

በቤንዚን ሞተር ላይ ርጭት የተለመደው ዘግይቶ ነው። መርሴዲስ በ1954 እ.ኤ.አ. ለሽያጭ ባቀረበው ባለ ስፖርት መኪናው ላይ አደረገው፤ ቦሽ በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዘውን ሥርዐት በፎልክስዋገን መኪና ላይ ያወጣው በ1967 እ.ኤ.አ. ነው። በአዲስ አበባ «ቮልስ» ተብላ የተወደደችው ትንሿ መኪና ግን በአብዛኛው በካርቡራቶር የምትሠራዋ ነበረች፤ ስለዚህ ካርቡራቶርን ማጽዳትና ማስተካከል ለረጅም ጊዜ የመካኒክነት መለኪያ ሆኖ ቆየ።

አዲሱ ሥርዐት ሲገባ የቃላቱ ምንጭ ተለወጠ። ኢንጄክተር፣ ኖዝል፣ ሴንሰር፣ ቼክ ኢንጅን ከእንግሊዝኛ ናቸው። ሥርዐቱን የሚያዘው አካል በአጭሩ ኮምፒውተር ይባላል፤ የጋራዥ ማስታወቂያዎችም «በኮምፒውተር የታገዘ ምርመራ» ይላሉ። ባለ መኪናው ግን አሁንም «ይነሣና ይጠፋል» ነው የሚለው። ካርቡራቶር ሄዶ ኢንጄክተር መጣ፤ ጠፋ የሚለው ግስ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

ከቃላቱ ለውጥ የከበደው ግን የማስረጃው ለውጥ ነው። በአሜሪካ ከ1996 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለተሠሩ አዳዲስ መኪናዎች ግዴታ የሆነው፣ በሌላውም ዓለም የተስፋፋው የምርመራ ሥርዐት ብልሽትን በኮድ ይናገራል። መካኒኩ በጆሮው፣ በአፍንጫውና በዐይኑ ያነብ የነበረውን አሁን በባዕድ ቋንቋ ከተጻፈ አጭር ሐረግ ያነባል። ተርጓሚው የሚፈለገውም እዚህ ላይ ነው።

ሠ. ያገረሸ ብልሽት፤ አንድ ቃል ሲሳሳት

ለምሳሌ ያህል አንድ ኮድ እንውሰድ። ፒ 0171 በዓለም አቀፉ ዝርዝር ውስጥ የሚናገረው፣ በመጀመሪያው የሲሊንደር ረድፍ ውስጥ የሚገባው ድብልቅ ከሚገባው በታች ነዳጅ እንዳለው ነው። ይህን ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል ያመጣ ሰው ሦስት ስሕተት ሊሠራ ይችላል።

አንደኛ፣ ረድፉ የሚጠራበት ቃል ገንዘብ ከሚቀመጥበት ቤት ስም ጋር አንድ ስለሆነ «ባንክ 1» ብሎ ሊተወው ይችላል። ይህ የሚያስቅ ቢሆንም ጉዳቱ ጥቂት ነው።

ሁለተኛ፣ ድብልቁን «ቀጭን» ሊለው ይችላል። በአማርኛ የቀጠነ ነገር ውሃ የበዛበት ነው፤ አንባቢውም ቤንዚኑ ውሃ ወይም ላምባ ተቀላቅሎበት ይሆናል ብሎ ወደ ማደያው ይጠረጥራል። የሞተር ሊቃውንት የሚሉት ግን ሌላ ነው። ለአንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ሲያስፈልግ፣ ከዚህ የበለጠ አየር ከገባ ነዳጁ አነሰ ይባላል። የነዳጁ ጥራት አልተነካም፤ መጠኑ ነው ያነሰው። የጋራዡ አማርኛ ይህን አስቀድሞ በትክክል ይዞታል፤ «ነዳጅ አንሶታል» ይላል።

ሦስተኛውና ከባዱ ስሕተት ሁኔታውን ወደ ዕቃ መለወጥ ነው። ኮዱ የተነሣው በጭስ ማውጫው ላይ ያለው የኦክስጅን ዳሳሽ ትርፍ ኦክስጅን ስላገኘ ነው። ይህ «የኦክስጅን ዳሳሽ ብልሽት» ተብሎ ከተተረጐመ መካኒኩ ዳሳሹን ይቀይራል። እውነተኛውን የተናገረ ምስክር ከሥራ ተባረረ ማለት ነው። መንስኤው የተደፈነ መርጫ፣ የደከመ ፖምፓ፣ የቆሸሸ ፊልትሮ ወይም ከተሰነጠቀ ቱቦ የሚገባ ያልተቈጠረ አየር ሊሆን ይችላል፤ እርሱም በቦታው ይቀራል።

ጥፋቱ በዚህ አያበቃም። ብዙ ሰው ነዳጅ ሲያንስ ሙቀትም የሚያንስ ይመስለዋል፤ በምድጃ እንደዚያ ነውና። በሞተር ውስጥ ግን በጭነት ላይ እያለ ነዳጅ ያነሰው ሞተር ከመጠን በላይ ሊግልና የፒስቶኑን ራስ ሊያቀልጥ ይችላል፤ የሚገባው ነዳጅ በመትነኑ የሚሰጠው ቅዝቃዜ አብሮ ይቀንሳልና። የቀለጠው ፒስቶን በአዲስ ቢተካ፣ መርጫው እንደ ተደፈነ ከቀረ አዲሱም ይቀልጣል። ባለ ንብረቱ ሁለት ጊዜ ከፍሎ አንድ ሕመም ይዞ ይመለሳል። «ፒስቶን አረረ» የሚለው የሆነውን ይናገራል፤ ምን እንዳሳረረው ግን አልተጠየቀም።

የከፍታው ጉዳይም እዚህ ይገባል። በመቐለ ከፍታ ላይ የአየሩ ጥግግት በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ነው። በምፅዋ ወይም በጅቡቲ ዳርቻ የተስተካከለ ካርቡራቶር ወደ ደጋው ሲወጣ ነዳጅ ይበዛበታል፣ ጥቁር ያጨሳል፣ ጉልበትም ያንሰዋል። በሌላው የዓለም ዳርቻ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። በካናዳ ኩቤክ የቦምባርዲየር ኩባንያ ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለገበያ ያወጣውን፣ በበረዶ ላይ በሰንሰለት የሚሽከረከር ቀላል ተሽከርካሪ እናስብ። ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ በሆነ ብርድ አየሩ በ20 ዲግሪ ሙቀት ካለው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይጠጥራል፤ ነዳጁ ካልተጨመረለት ሞተሩ ነዳጅ ያንሰውና ፒስቶኑ ያርራል። በዚህ ዓይነት ተሽከርካሪ ላይ ርጭትና ዳሳሽ የተጨመሩበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ ዳሳሹ የአየሩን ሙቀትና ግፊት ይለካል፣ ኮምፒውተሩም ነዳጁን ይመጥናል። ዳሳሹ ሐሰት ሲናገር ግን ሞተሩ ደጋግሞ ይቃጠላል። የኩቤክ በረዶና የትግራይ ደጋ እጅግ የተራራቁ ቢሆኑም፣ ሕመሙ አንድ ነው፤ አማርኛውም «አነሰው» እና «በዛበት» በሚሉ ሁለት ግሶች ሁለቱንም ይሸፍናል። ተርጓሚውን የሚያስቸግረው በረዶ መሆን አልነበረበትም፤ በረዶ በአማርኛ ስም አለው። የሚያስቸግረው ያለውን ግስ አለማየቱ ነው።

ስለ ብልሽቱ መመላለስም አማርኛ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን መለየት ይችላል። ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋና ሲቀዘቅዝ የሚነሣ ከሆነ ብልሽቱ የሚመጣና የሚሄድ ነው፤ ጠባዩ እንደ ንዳድ ነው። ተጠግኖ፣ ደኅና ሠርቶ፣ እንደ ገና በዚያው ሕመም ከተመለሰ ግን «አገረሸበት» ይባላል። ይህ የሕክምና ቃል በውስጡ አንድ ፍርድ አለው፤ በሽታው ከሥሩ አልተነቀለም ይላል። «ተደጋጋሚ ብልሽት» የሚለው የመንግሥት ቤት አነጋገር ብዛቱን ይቈጥራል እንጂ ይህን አይናገርም።

ረ. የሓወልቲ ምስክርነት

ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ትግራይን በጐዳው ጦርነት ጊዜ፣ በፕሪቶሪያ ስምምነት እስኪያበቃ ድረስ፣ በክልሉ ነዳጅ እጅግ አነሰ፤ ባንክና ስልክም ለረጅም ጊዜ ተቋረጡ። ቤንዚን በታንከር ውስጥ ለብዙ ወራት ሲቀመጥ ቀላሉ ክፍል ይተንና ሙጫ መሰል ዝቃጭ ይቀራል። ዝቃጩ የካርቡራቶርን ቀዳዳ ቢደፍን በእጅ ሊጸዳ ይችላል፤ እጅግ ጠባብ የሆነ የመርጫ ቀዳዳን ሲደፍን ግን ልዩ መሣሪያ ይፈልጋል። ናፍታ በላምባ ሲደባለቅም የማለስለስ ኃይሉ ይቀንሳል፣ ፖምፓውና መርጫው በመፋተግ ይበላሉ።

እንዲህ ባለ ጊዜ መለዋወጫ የሌለው መካኒክ ዕቃ በመቀየር ሊፈርድ አይችልም፤ ምክንያቱን ፈልጎ ማግኘት አለበት። በእጁ የቀረው መሣሪያ ምርመራው፣ የምርመራውም መሣሪያ ቃሉ ነው። በሓወልቲና በሌሎቹ የመቐለ ክፍላተ ከተማ የሚሠራ የባጃጅ ወይም የመኪና ጠጋኝ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ክፍሉን በጣሊያንኛ፣ ዳሳሹን በእንግሊዝኛ፣ ሕመሙን በትግርኛ ወይም በአማርኛ ይጠራል። ይህን «የተበላሸ ቋንቋ» ብሎ የሚንቅ ሰው በውስጡ ያለውን የሥራ ክፍፍል አላየም፤ እያንዳንዱ ቋንቋ የያዘው የየራሱን ድርሻ ነውና።

ይህ ቋንቋ ደግሞ ጊዜ ገጥሞታል። የኢትዮጵያ መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። በኤሌክትሪክ የሚሄደው መኪና ካንዴላ የለውም፣ አያጨስም፣ ዘይት አይበላም። ሞተር የሚለው ስም ሳይለወጥ ይዘቱ ይለወጣል፤ ከላይ እንዳየነው ባቡርና መኪና እንዲሁ ሆነዋል። «ጭሱን አንብብ» የሚለው ምክር ለሚቀጥለው ትውልድ ማብራሪያ የሚሻ አነጋገር ሊሆን ይችላል።

ሰ. ማጠቃለያና የቃላት ሐሳብ

የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ቃላት ሥራ በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በመዝገበ ቃላት መልክ ለአንባቢ ከቀረበ ወዲህ የቃላት አዘጋጆች ልምድ በአብዛኛው ለባዕድ ስም አቻ ስም መፈለግ ሆኖ ቆይቷል። ለምርመራ ቃላት ይህ አካሄድ ብቻውን በቂ አይደለም። ካንዴላን በአዲስ ቃል መተካት ማንንም አይጠቅምም፤ ቃሉ ከሦስት ትውልድ በላይ ሠርቷል። የሚያስፈልገው ለሁኔታው፣ ለምልክቱና ለመንስኤው የተለያዩ ቃላት መመደብና እነርሱንም ሕዝቡ ከሚናገራቸው ግሶች ማውጣት ነው። በዚህ መሠረት የሚከተሉትን እናቀርባለን።

ርጭት፣ መርጫ፦ ነዳጅ በግፊት ወደ ሞተር የሚገባበት ሥራና መሣሪያው። ረጨ ከሚለው ግስ የወጡ ሲሆን ነዳጁ እንደ ጉም ተበትኖ መግባቱን ይገልጣሉ። ከመርፌና ከመውጋት የሚወጣ ቃል ግን አንባቢውን ወደ ሐኪም ቤት ስለሚወስደው አንመርጠውም።

ዳሳሽ፦ ሙቀትን፣ ግፊትን ወይም ኦክስጅንን ለክቶ ለኮምፒውተር የሚነግር ክፍል። ቃሉ በጽሑፍ መለመድ ስለ ጀመረ ይጽና።

ነዳጅ ያነሰው ድብልቅ፣ ነዳጅ የበዛበት ድብልቅ፦ «ቀጭን» እና «ወፍራም»፣ «ደሃ» እና «ሀብታም» በሚሉት ቃል በቃል ትርጉሞች ፈንታ።

ምልክት፣ ብልሽት፣ መንስኤ፦ ምልክት የሚታየው ወይም የሚሰማው ነው፤ ብልሽት በአንድ ክፍል ላይ የደረሰው ጉዳት ነው፤ መንስኤ ጉዳቱን ያመጣው ነው። በአንድ የጥገና መጽሐፍ ውስጥ ሦስቱ ሊለዋወጡ አይገባም። ኮድ ምልክት ነው፤ የቀለጠ ፒስቶን ብልሽት ነው፤ የተደፈነ መርጫ መንስኤ ነው።

ያገረሸ ብልሽት፦ ከጥገና በኋላ በዚያው መንስኤ የተመለሰ። «የሚመጣና የሚሄድ ብልሽት» ደግሞ ያለ ጥገና ራሱ ጠፍቶ ራሱ ለሚመለሰው።

ከእነዚህ ቃላት አብዛኞቹ ማንም ያልፈጠራቸው፣ በጋራዥ በር የሚሰሙ ናቸው። የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሥራ ቀድሞ ሰምቶ፣ ለይቶ፣ ወሰናቸውን አስምሮ መመዝገብ ነው። ይህም በመቐለ፣ በደሴ፣ በጎንደርና በአዲስ አበባ፣ በአማርኛና በትግርኛ ጎን ለጎን ቢደረግ ሁለቱ ቋንቋዎች የሚጋሩት የግስ ሀብት ይታያል። በካርቡራቶር ዘመን ሞያውን የተማሩት አንጋፋ መካኒኮች ዛሬም በሥራ ላይ ሲገኙ፣ ቃላቸውን ከነአገባቡ ማሰባሰብ ለነገ የሚባል አይደለም።